18,000 ጥቅስ ወይስ 1,900? የአንድ የሆድ ዕቃ ሐኪም የምርምር ሥራ እንዴት ይነበባል

ጥያቄው፦ «የጨጓራ፣ የአንጀትና የጉበት ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊቲ ልጀምር ነው። የምርምር አማካሪ እንድመርጥ ሁለት ስም ተሰጠኝ። አንደኛው ፕሮፌሰር 140 ጽሑፍ አላቸው። ጥቅሳቸው 18,000፣ ኤች ኢንዴክሳቸው 48 ነው። የመጀመሪያ ጽሑፋቸው ከወጣ 24 ዓመት ሆኖታል። የሚሠሩት በአንጀት ብግነት መድኃኒቶች ሙከራ ላይ ነው። ሁለተኛዋ ዶክተር 38 ጽሑፍ፣ 1,900 ጥቅስ፣ ኤች ኢንዴክስ 19 አላቸው። ከጀመሩ 11 ዓመታቸው ነው። የሚያጠኑት ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚለምድበትን ሁኔታ ነው። ጓደኞቼ «ይሄ ምኑ ያከራክራል?» ይሉኛል። ልዩነቱ እውነት ያን ያህል ነው? ዶክተር፣ እባክዎ በዝርዝር ይመልሱልኝ።»

ወንድሜ፣ ያከራክራል። ጓደኞችህ የቸኮሉ ይመስለኛል። እኔ የሆድ ዕቃ ሐኪም ነኝ። ከሕክምናው ጎን ለጎን ደግሞ የማዕረግ ዕድገት ማመልከቻዎችን ስገመግም ቆይቻለሁ። እንደ አንተ ያሉ ቁጥሮች ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ቢኖር ቁጥሩን ወደ ጎን ትቶ ጽሑፎቹን መክፈት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

ጥቅስ ማለት ሌላ ሰው ጽሑፍ ሲጽፍ ያንተን ሥራ ማጣቀሻው ውስጥ አስገባ ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ወደደው ማለት አይደለም። እስከ መጨረሻው አነበበው ማለትም አይደለም። ሊያመሰግን ይችላል፤ ሊቃወም ይችላል፤ ለመግቢያው አንድ ዓረፍተ ነገር ማስደገፊያ ብቻ ፈልጎም ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው ግን ሁሉንም አንድ ብሎ ይቆጥራቸዋል።

ኤች ኢንዴክስን ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፎችህን ከብዙ ጥቅስ ወደ ጥቂት ደርድራቸው። የተራ ቁጥሩን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጥቅስ ያለው የመጨረሻው ጽሑፍ ተራ ቁጥር ኤች ኢንዴክስህ ነው። አምስት ጽሑፍ አለህ እንበል። ጥቅሳቸው 40፣ 12፣ 6፣ 4 እና 1 ነው። አራተኛው ጽሑፍ አራት ጥቅስ አለው። አምስተኛው ግን አምስት አልደረሰም። ስለዚህ ኤች ኢንዴክስህ 4 ነው። አሁን የመጀመሪያው ጽሑፍ ዓለምን አስደነቀና 40 የነበረው ጥቅሱ 4,000 ሆነ እንበል። ኤች ኢንዴክስህ ስንት ሆነ? ያው 4! አንድ ታላቅ ግኝት ያለው ሰው በዚህ መለኪያ አይታይም። ብዙ መካከለኛ ሥራ ያለው ሰው ጎልቶ ይታያል።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ቁጥር አይወርድም። ሰውየው ጡረታ ቢወጣም፣ ምርምር ካቆመ ዓመታት ቢቆጠሩም ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ስለዚህ ዕድሜ ራሱ ነጥብ ያሰጣል ማለት ነው። ሂርሽም ይህን ስላወቀ ኤች ኢንዴክሱን ከመጀመሪያው ጽሑፍ ወዲህ ላለፉት ዓመታት ማካፈልን ሐሳብ አድርጎ አቅርቦ ነበር። እስቲ ባንተ ሰዎች እንሞክረው። 48 ለ24 ሲካፈል 2 ይመጣል። 19 ለ11 ሲካፈል 1.7 ገደማ። አየህ? ሰማይና ምድር ይመስል የነበረው ልዩነት በአንዴ ተቀራረበ። ይሄም ቢሆን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ግን ጓደኞችህ እንዳሉት «ምኑ ያከራክራል» የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ የማየው የስም ቦታ ነው። እኔ ብዙ ጊዜዬን የማሳልፈው እዚህ ላይ ነው።

የመድኃኒት ሙከራ ጽሑፎች የጸሐፊዎቻቸው ዝርዝር ረጅም ነው። ሙከራው በብዙ አገር፣ በብዙ ሆስፒታል ስለሚካሄድ ሠላሳና አርባ ስም ማየት የተለመደ ነው። አንድ ጽሑፍ 40 ጸሐፊ ካለው ጥቅሱ ለ40 አይካፈልም። ለእያንዳንዳቸው ሙሉው ይመዘገብላቸዋል። ሐሳቡን ያፈለቀውም፣ ሕሙማንን ወደ ጥናቱ ያስገባውም፣ ረቂቁን አንድ ጊዜ አይቶ አስተያየት የሰጠውም እኩል ይቆጠርላቸዋል። በሕክምናው ዓለም ባለው ልማድ የመጀመሪያው ስም ሥራውን በእጁ የሠራው ነው። የመጨረሻው ስም ሐሳቡን የመራውና ኃላፊነት የወሰደው ነው። መሐል ላይ ያሉት አስተዋጽኦ አላቸው፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ከስማቸው ቦታ አይታወቅም። አሁን አሁን ብዙ ጆርናሎች ማን ምን እንደሠራ የሚገልጽ አጭር ክፍል መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። እሱን አንብብ። ከማጣቀሻው በፊት ወይም በኋላ በትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል።

የስም ቦታ ምን ያህል ዕጣ እንደሚወስን የእኛው ሙያ ታሪክ ይነግርሃል። በ1932 በሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግ እና ጎርደን ኦፐንሃይመር የ14 ሕሙማንን ታሪክ ይዘው ስለ ትንሹ አንጀት ጫፍ ብግነት ጻፉ። ስማቸው በፊደል ተራ ተቀመጠ። ክሮን ቀደመ። ሕመሙም ለዘላለም የክሮን በሽታ ተባለ። ሕሙማኑን የቀደደው ቀዶ ሐኪም በርግ ግን እኔ ጽሑፉን አልጻፍኩም ብሎ ስሙ እንዳይገባ አደረገ። ገብቶ ቢሆን ኖሮ በፊደል ተራ ከክሮን ይቀድም ነበር። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር በርግን አከብረዋለሁ። ዛሬ ጥቅስ ለማሰባሰብ ስማቸውን በየጽሑፉ የሚያስገቡ ሰዎች ሞልተዋል። እሱ ያልጻፈውን አልጻፍኩም አለ።

እንግዲህ የፕሮፌሰሩን 140 ጽሑፍ ስትከፍት አንድ ነገር ጠይቅ። ከፍተኛ ጥቅስ ካላቸው አሥሩ ውስጥ ስማቸው ስንቱ ላይ ፊት ወይም መጨረሻ ነው? ስድስት ሰባቱ ላይ ከሆነ መንገድ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሁሉም ላይ መሐል ከሆነ ደግሞ ሰፊ የሥራ መረብ ያላቸው፣ በትልልቅ ሙከራዎች የሚሳተፉ ሐኪም ናቸው ማለት ነው። ይሄም ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ጽሑፉ ለምን ተጠቀሰ የሚለውን እንይ። የቻይልድ ፒው ነጥብን መቼም በየቀኑ ትጠቀምበታለህ። ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ የደም መርጋት ጊዜ፣ ሆድ ውስጥ ያለ ውሃ፣ የአእምሮ መደናገር። አምስቱን ደምረህ የጉበቱን ሁኔታ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ትላለህ። የፒው ጽሑፍ የወጣው በ1973 ነው። ስለ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የጉሮሮ ቧንቧን ቆርጦ መልሶ በመስፋት ከደም ሥር እብጠት የሚፈስን ደም ስለማቆም ነው። ቀዶ ሕክምናው ዛሬ የተተወ ያህል ነው። ነጥቡን ያወጡት ሕሙማኑን ለመመደብ ያህል ነበር። ዓለም ግን ቀዶ ሕክምናውን ትቶ ሠንጠረዡን ወሰደ። እስከ ዛሬም የሚጠቀሰው በዚያች ሠንጠረዥ ነው።

ይህ በሁሉም ሳይንስ ያለ ነገር ነው። በታሪክ ከማንም በላይ የተጠቀሰው ጽሑፍ በ1951 የወጣው የሎውሪ ጽሑፍ ነው፤ የፕሮቲንን መጠን እንዴት እንደሚለኩ ያሳያል። ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። አዲስ በሽታ አላገኘም፤ አዲስ መድኃኒትም አላመጣም። መለኪያ ነው። መለኪያ፣ መመደቢያና የሕክምና መመሪያ የሚጽፍ ሰው ጥቅሱ ይበዛለታል፤ ምክንያቱም ተከትሎት የሚጽፍ ሁሉ በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። ፕሮፌሰሩ የመመሪያ አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ካሉ ከ18,000ው ብዙው ከዚያ ሊመጣ ይችላል። አንድ መመሪያ ብቻውን ከብዙ የራስ ጥናት በላይ ጥቅስ ሊያመጣ ይችላል። ኮሚቴ ውስጥ መመረጥ ሙያው እንደሚያምናቸው ያሳያል። አዲስ ጥያቄ ጠይቀው መልስ ማግኘታቸውን ግን አያሳይም። አንተ ደግሞ ልትማር የምትሄደው እሱን ነው።

የዚህ ተገላቢጦሽም አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ሮቢን ዋረን ፐርዝ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የፓቶሎጂ ሐኪም ነበር። በ1979 በጨጓራ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች አየ። ያን ጊዜ ጨጓራ ውስጥ አሲድ ስላለ ባክቴሪያ አይኖርም ነበር የሚባለው። በ1981 ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም፣ ገና በሥልጠና ላይ ያለ፣ እንዳንተው ዓይነት ሰው፣ አብሮት መሥራት ጀመረ። ከ100 ሕሙማን ናሙና ወሰዱ። ባክቴሪያውን ለማብቀል ሞከሩ፤ አልበቀለም። ሳህኖቹ በሁለት ቀን ውስጥ ይጣሉ ነበር። በ1982 የፋሲካ በዓል ሰሞን ግን ሳህኖቹ ሳይነሱ ለቀናት ቆዩ። ከበዓሉ ሲመለሱ በቅሏል! ጀርሙ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነበርና የፈለገው ጊዜ ብቻ ነበር።

በ1983 ማርሻል ግኝቱን ለአውስትራሊያ የጋስትሮኢንተሮሎጂ ማኅበር ጉባኤ ላከ። ውድቅ ተደረገ። በ1984 ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ሙሉው ጽሑፍ ወጣ። የዱዮዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል) ቁስለት የነበረባቸው 13ቱም ሕሙማን ባክቴሪያው ነበረባቸው። ያም ሆኖ ብዙው ሐኪም አላመነም። በዚያው ዓመት ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ጀመረው። ኢንዶስኮፒ ሲደረግለት ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። የአሜሪካ የጤና ተቋማት ጉባኤ ቁስለት ያለባቸውና ጀርሙ የተገኘባቸው ሕሙማን ፀረ ባክቴሪያ ይሰጣቸው ያለው በ1994 ነው። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2005 ነው።

አሁን አስበው። በ1985 ማርሻልን በጥቅስ ብዛት ብትመዝነው ምን ታገኝ ነበር? እዚህ ግባ የማይባል ቁጥር። ዛሬስ? ዛሬ ኤች ፓይሎሪ ቁስለት ያመጣል ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የ1984ቱን ጽሑፍ አይጠቅስም። የሁሉም እውቀት ሆኗልና። የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቁ ሮበርት ሜርተን ይህን ነገር አስተውሎታል፤ አንድ ሐሳብ በደንብ ሲሰርጽ የባለቤቱ ስም ይጠፋል። እኔም ለታካሚዬ ፀረ ባክቴሪያ ስጽፍ ማርሻልና ዋረንን አላነሳም። ሥራቸው ግን ማዘዣዬ ላይ አለ። ሆዱን ሊቀደድ ይችል የነበረ ሰው ኪኒን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን የሚቆጥር ቆጣሪ የለም።

ጥቅስ የውርደት ምልክት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድና ተባባሪዎቹ ላንሴት ላይ የ12 ልጆችን ታሪክ ይዘው የአንጀት ብግነትን፣ የኦቲዝም ምልክቶችንና የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጡ። ነገሩ ከእኛው ሙያ፣ ከሆድ ዕቃ ምርምር ክፍል የወጣ ነው። ጽሑፉ በ2010 ተሰረዘ። ዌክፊልድም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። ጽሑፉ ከሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል፤ አብዛኛው ስህተቱን ለማሳየት ነው። ቆጣሪው ግን ይህን አይለይም። የዚህ ጽሑፍ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ በሱ ምክንያት ወላጆች ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ ቀርተዋልና።

ስለ መረጃ ቋቶቹ ባጭሩ ልንገርህ። ያየኸው ቁጥር ከየት እንደመጣ አልጻፍክልኝም። ጎግል ስኮላር ሁሉንም ይለቅማል፤ የመመረቂያ ጽሑፍም፣ ያልታተመ ረቂቅም ይቆጥራል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የመረጧቸውን ጆርናሎች ነው የሚያዩት፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ያንሳል። የአንድን ሰው ከአንዱ፣ የሌላውን ከሌላው ወስደህ ካወዳደርክ ድካምህ ሁሉ ከንቱ ነው። ደግሞ ስም ይመሳሰላል። አንድ ጊዜ የጉበት ሐኪም ነው ብዬ የከፈትኩት ገጽ ውስጥ ስለ ድልድይ ግንባታ የተጻፉ ጽሑፎች አግኝቻለሁ። የሌላ ሰው ሥራ ተቀላቅሎ ነበር። ባለ 16 አሃዙ ኦርኪድ (ORCID) የሚባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ያላቸው ከሆነ በእሱ ፈልጋቸው።

«በዓለም ከምርጥ 2 በመቶ ውስጥ ናቸው» የሚል ነገርም ሳይነግሩህ አይቀሩም። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ከስኮፐስ መረጃ ተነስተው። ከተራው ቁጥር ይሻላል። ስም ፊት ወይም መጨረሻ የሆነበትን ለይቶ ይመዝናል፤ የጸሐፊዎችን ብዛት ያሰላል፤ ሰው ራሱን የጠቀሰበትን አውጥቶም ያሳያል። የጋስትሮኢንተሮሎጂና የጉበት ዘርፍ ለብቻው ስላለ ሆድን ከልብ ጋር አታወዳድርም። ይሁን እንጂ እሱም የጥቅስ ቆጠራ ነው። ሽልማት አይደለም።

ራስን መጥቀስ ሁልጊዜ ነውር እንዳይመስልህ። አንድን የሕሙማን ቡድን ለአሥር ዓመት የሚከታተል ሰው የትናንቱን ሥራውን ሳይጠቅስ የዛሬውን መጻፍ አይችልም። የሚያሳስበኝ ጥቅሱ በአብዛኛው ከአንድ ጠባብ የወዳጆች ክበብ ሲመጣ ነው።

ወደ ዶክተሯ ልምጣ። ኤች ፓይሎሪ መድኃኒት የመልመዱ ነገር ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ክላሪትሮማይሲን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ የለመደውን ኤች ፓይሎሪ ከፍተኛ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ጀርሞች መሐል አስገብቶት ነበር። መመሪያዎችም አንድ አካባቢ ላይ የለመደው ጀርም ከ15 በመቶ ካለፈ ክላሪትሮማይሲን ያለበትን የተለመደ የሦስት መድኃኒት ሕክምና ሳይመረምሩ አትጀምሩ ይላሉ። ይህ 15 በመቶ አለፈ ወይስ አላለፈ የሚለውን ማን ይነግርሃል? እዚያው አካባቢ ናሙና ሰብስቦ፣ አብቅሎ፣ የለካ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጥናት የሚመለከተው ያንን አካባቢ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ያለ ተመራማሪ አይጠቅሰውም። እዚያ ያለው ሐኪም ግን የሚያዝዘውን መድኃኒት ይቀይርበታል። ሐኪም ደግሞ ማዘዣ ላይ ማጣቀሻ አይጽፍም። 1,900 ጥቅስ በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ለእኔ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

እንዲህ ብታደርግ ደስ ይለኛል። ዛሬ ማታ የሁለቱንም አምስት አምስት ጽሑፍ ክፈት። ሦስቱ ብዙ የተጠቀሱት ይሁኑ፤ ሁለቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት የወጡ። በእያንዳንዱ ላይ ስማቸው የት እንዳለ ጻፍ። ከዚያ ከእያንዳንዳቸው አንድ ጽሑፍ ምረጥና እሱን የጠቀሱትን የሌሎች ጽሑፎች ዝርዝር ክፈት። አሥሩን ውሰድ። ውስጥ ገብተህ ጥቅሱ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ፈልግ። «ይህ በሽታ በብዛት ይታያል» የሚል መግቢያ ላይ ነው? ወይስ «በእነሱ ዘዴ ተጠቅመን» ይላል? ወይስ «ከእነሱ ግኝት በተለየ» ይላል? ሁለት ሰዓት ቢፈጅብህ ነው። ከዚያ በኋላ ከማንኛውም ኢንዴክስ የተሻለ ታውቃቸዋለህ።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፤ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ከሁሉም የምመዝነው እሱን ነው። አብረዋቸው የሠለጠኑ ወጣቶች ስም የት ላይ ነው? ፕሮፌሰሩ መጨረሻ ላይ በተቀመጡባቸው ጽሑፎች ፊት ላይ ያለው ስም የማን ነው? ሠልጣኝ ነው? ያ ሠልጣኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ጽሑፍ አለው? ወይስ አንድ ጊዜ ታይቶ ጠፋ? ዶክተሯ ጋርም እንዲሁ እይ። 38 ጽሑፍ ውስጥ አሥሩ ላይ ፊት ያሉት የተለያዩ ወጣቶች ከሆኑ እኔ ሳላመነታ እሳቸውን እመርጣለሁ። ፕሮፌሰሩም ሠልጣኞቻቸውን ፊት የሚያስቀምጡ ከሆኑና ወደ ትልልቅ ሙከራዎች የሚያስገቡህ ከሆነ እሳቸውም መልካም ናቸው። አሁን ባለኝ መረጃ ግን ሚዛኔ ወደ ዶክተሯ ያጋድላል፤ ናሙና ከመሰብሰብ ጀምሮ እስከ መጻፍ ያለውን መንገድ በእጅህ የምትማረው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነውና።

ለሁለት ሠልጣኞቻቸው ደውልና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃቸው። የላካችሁት ረቂቅ በስንት ቀን ታርሞ ይመለስላችኋል? መልሱን ስታገኝ ጻፍልኝ።